«ጥቁሩስ አለ?»፦ ጊታር ስንገዛ መልኩ ምን ያህል ይመዝናል?

ጊታር ሊገዛ ሱቅ የገባ ጀማሪ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ድምፁ አይደለም፤ «ጥቁሩስ አለ?» ነው የሚለው። ሻጩ ጥያቄውን ስለለመደው አይገረምም። ከግድግዳው ላይ የሚያብለጨልጨውን ያወርድና በጨርቅ ወልወል አድርጎ ያቀብለዋል። ልጁ ደረቱ ላይ አስደግፎ በመስታወቱ ራሱን ያያል፣ ጓደኛው ፎቶ ያነሳዋል። ክሩን የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም በአንድ ጣት።

በዚህ የሚስቁ ሙዚቀኞች ሞልተዋል። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድና በአትላስ በኩል ባሉት ሆቴሎችና ላውንጆች ማታ ማታ የሚሠራ ጊታሪስት ስለዚህ ቢጠየቅ፣ ጊታር የሚሰማ እንጂ የሚታይ ዕቃ አይደለም ባይ ነው። መድረክ ሊወጣ ሲል ግን ጊታሩ ከጃኬቱ ጋር መሄዱን ሳያይ አይወጣም። ጀማሪው በግልጽ የሚያደርገውን ባለሙያው በዘዴ ያደርገዋል። ስለዚህ መልክ ይመዝናል ወይስ አይመዝንም ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው፤ ይመዝናል። ማጣራት የሚገባን የቱ መልክ እንደሚጠቅም፣ የቱ እንደሚያታልል፣ ለምንስ ይህን ያህል ጉልበት እንዳገኘ ነው።

ከተመራማሪዎቹ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቺያ-ጁንግ ጻይ የተባለች ተመራማሪ ያሳተመችው ሙከራ ብዙ ሙዚቀኛ አስደንግጧል። ሰዎች የክላሲካል ሙዚቃ ውድድር አሸናፊዎችን እንዲገምቱ ተጠየቁ። አንዳንዶቹ ድምፁን ብቻ ሰሙ፤ ሌሎቹ ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ብቻ አዩ። አብዛኞቹ አስቀድመው ወሳኙ ድምፅ ነው ብለው ነበር። አሸናፊውን አብልጠው ያወቁት ግን ድምፅ አልባውን ቪዲዮ ያዩት ሆነው ተገኙ። ሙያተኞቹም ከዚህ አላመለጡም።

ይህ ስለ ተጫዋቹ እንጂ ስለ መሣሪያው አይደለም የሚል ካለ፣ ክሎዲያ ፍሪትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ያደረጉት ሙከራ አለ። ለ21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ስድስት ቫዮሊኖች ቀረቡላቸው፤ ሦስቱ አዲስ፣ ሦስቱ ደግሞ የስትራዲቫሪና የጓርኔሪ ሥራ የሆኑ፣ ዋጋቸው የማይቀመስ የጥንት ቫዮሊኖች። ተጫዋቾቹ በጠቆረ መነጽር ዓይናቸው ተሸፈነ። የአሮጌ እንጨት ሽታ እንኳ እንዳያሳብቅ አገጭ ማስደገፊያው ላይ ሽቶ ተነሰነሰ። በመጨረሻ ከሁሉ የተወደደው ከአዲሶቹ አንዱ ሆነ፤ ከሁሉ የተጠላው የስትራዲቫሪ ሥራ ነበር።

የጊታሩ ሙከራ የመጣው በ2018 ነው፤ ከእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ። አንድ ሠሪ ስድስት አኩስቲክ ጊታሮችን በሁሉም ነገር አመሳስሎ ሠራ፤ የጀርባና የጎናቸው እንጨት ብቻ ተለያየ፤ ከውዱ የብራዚል ሮዝውድ ጀምሮ እስከ ርካሾቹ። 52 ጊታሪስቶች የብየዳ መነጽር አድርገው ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ተጫወቱባቸው። የሰጧቸው ነጥቦች እዚያው በእዚያው ሆኑ። የሮዝውዱ ጊታር ከሌሎቹ ተለይቶ አልወጣም።

ይህን የሚያውቁ ሠሪዎች ግን ቀድሞም ነበሩ። የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1862 ጀርባና ጎኑን ከወረቀትና ከሙጫ የሠራው ጊታር ዛሬም በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም አለ። ድምፅ የሚሰጠው በዋናነት የፊቱ እንጨት መሆኑን ለማሳየት ነው እንዲያ ያደረገው። አሜሪካዊው ቦብ ቴይለር ደግሞ በ1995 ከተጣለ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ጊታር ሠርቶ አሳየ፤ የምስማሩን ቀዳዳዎች እንኳ አልደበቃቸውም፣ በአሉሚኒየም አስጌጣቸው። ካታሎግ ላይ ስለ ጀርባ እንጨት ቀለም የሚጻፈውን ውዳሴ ስታነቡ እነዚህን ሁለት ጊታሮች አስታውሱ።

የዓይን ምርጫ ዋጋው ከኪስም ያልፋል። የቴይለር ድርጅት በ2011 ካሜሩን ውስጥ የሚገኝ አንድ የዞጲ እንጨት መሰንጠቂያ በሽርክና ገዛ። ዞጲ ለጊታር አንገት ጣት የሚያርፍበትን ሰሌዳ የሚሠሩበት ጠንካራ እንጨት ነው። ያኔ የተገለጠው ነገር አሳዛኝ ነበር። ገዢ የሚፈልገው ጥቁር ብቻ ስለሆነ፣ ቆራጮቹ አንድ ድፍን ጥቁር ዛፍ ለማግኘት እስከ አሥር ዛፍ ይጥሉ ነበር። ዥጉርጉር ሆኖ የተገኘው እዚያው ጫካ ውስጥ ይቀር ነበር፤ በጥንካሬም በድምፅም ከጥቁሩ የሚያንስ ሆኖ አይደለም። «ጥቁሩስ አለ?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ብቻ የሚጠየቅ እንዳይመስላችሁ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በኡራኤል ቤተ ክርስቲያን የንግሥ ቀን የቆመ ሰው እንደሚያውቀው፣ በእኛ ዘንድ የዜማ ዕቃ መልኩና ድምፁ ተለያይቶ አያውቅም። ከበሮ ልብስ ይለብሳል። ልብሱ የክርስቶስ ግንዘት፣ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር፣ ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ተደርጎ ይተረጎማል። የበገና አሥር አውታሮች በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመሰላሉ። በዚህ ሥርዓት ያደገ ዓይን መሣሪያን አይቶ መመዘን ቢቀናው አይፈረድበትም።

ግን የዚያው ባህል ተቃራኒ ገጽም አለ። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች የተሰቀሉትን ክራሮች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀቡ፣ በዛጎልና በጨሌ ያጌጡ፣ ለግድግዳ የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ቢቃኙ ቅኝት አይዙም፤ አንድ ትዝታ ተጫውታችሁ ሳትጨርሱ ክሩ ይረግባል። ክራር ደርዳሪው ለሥራ የሚይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ጌጥ ነው፤ ላብ ያወዛው፣ እጅ ያለሰለሰው። እዚህ አገር ማንም ሁለቱን ክራሮች አያምታታም። ጊታር ላይ ስንደርስ ነው የምንምታታው።

ለምን? አንዱ ምክንያት ታሪካዊ ይመስለኛል። ጊታር ወደ ዘመናዊ ሙዚቃችን ሲገባ ሙዚቀኛው የሚመርጠው ዕቃ አልነበረም። በክቡር ዘበኛም ሆነ በፖሊስ ኦርኬስትራ መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ነው፤ የተሰጠህን ትጫወታለህ። በክበቦቹም መሣሪያው ብዙ ጊዜ የባለ ቤቱ ነበር። ለካዛንቺስ ቅርብ በሆነው ሂልተን ሆቴል ለዓመታት የሠሩት የዋሊያስ ባንድ ሙዚቀኞች የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በመሥራታቸው ተለይተው የሚነሱት ለዚህ ነው። አድማጩ ደግሞ ጊታሩን በካሴት ነበር የሚያውቀው። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ»ን የሚወድ ሰው፣ የባንዱ ጊታሪስት የሰላም ሥዩም ጊታር ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ካሴት ቀለም የለውም።

ክሊፕ መጣና ይህን ገለበጠው። ዛሬ ጊታር ለብዙ ወጣት መጀመሪያ የሚታይ ነገር ነው። ዘፋኙ እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆሞ ኤሌክትሪክ ጊታር ይመታል፤ ገመዱ የት እንደተሰካ ፈልጋችሁ ካጣችሁት እናንተ አይደላችሁም ጥፋተኛው፣ አልተሰካም። ጊታሩ የልብሱ አካል ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ሱቅ ገብቶ ጥቁሩን ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይመዝናል። ጀማሪው መጫወት አይችልም። መጫወት ስለማይችል ጊታሩን አያሰማውም፤ ሳይሰማው ደግሞ ከጎኑ ካለው ጋር ማወዳደሪያ የለውም። ሻጩ ዝቅ ያለ ጥራት ያለውንና ሻል ያለውን አከታትሎ ቢመታለት እንኳ ጆሮው ልዩነቱን ለመያዝ ገና አልሠለጠነም። ስለዚህ በእጁ ባለው ብቸኛ መመዘኛ፣ በዓይኑ፣ ይመዝናል። ይህን ከንቱነት የሚሉት አይገባኝም። የሚጠቅመው ስድብ ሳይሆን ዓይኑን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት የሚያሳየው ሰው ነው።

ዓይን በደንብ ከተጠቀሙበት ብዙ ይናገራልና። የጊታሩን ሆድ ቀዳዳ ጠርዝ እዩ። ፊቱ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን የእንጨቱ መስመሮች በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ሳይቋረጡ ከዘለቁ ፊቱ አንድ ወጥ እንጨት ነው። የኮምፔርሳቶ ንብርብር ከታየ ግን የላዩ ውበት ስስ ልባጭ ብቻ ነው። ይህን ለማየት የሙዚቃ ዕውቀት አያስፈልግም፤ የስልክ መብራት ይበቃል። እዚህ ላይ ነው ድፍን ጥቁር ቀለም የሚያስጠረጥረው። ወፍራም ጥቁር ቀለም የእንጨቱን መስመር፣ የተቀጣጠለበትንና የተሞላበትን ሁሉ ይሸፍናል፤ በጣም ከወፈረ ደግሞ ፊቱ እንደ ልብ እንዳይርገበገብ ያፍነዋል። በርካሽ ጊታር ላይ የእንጨት መልኩ የሚታየው «ኖርማል» የሚሉት ቀለም ሻጩ የሚደብቀው ነገር ማነሱን ያሳያል። ጥቁር ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ውድ ጊታሮች ጥቁር ናቸው። ዋጋው ዝቅ ባለ ቁጥር ግን ጥቁሩን በጥርጣሬ ማየት ይሻላል።

ከዚያ አንገቱን እዩ። ራሱን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ፣ አናጢ የጣውላን ቀጥታ እንደሚያይ፣ በአንገቱ ርዝመት ወደ ሆዱ ተመልከቱ። እጅግ በጣም ትንሽ መጉበጥ ጤናማ ነው፤ ወደ አንድ ጎን መጠምዘዝ ግን ቀላል መድኃኒት የለውም። ክሩ የታሰረበት ድልድይ ከኋላው ተነስቶ እንደሆነ ስስ ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ፤ ከገባ ሙጫው ለቅቋል። ከድልድዩ ኋላ ፊቱ አብጦ ከታየም ተዉት። የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ጊታር ክሮቹ ሲወጠሩ በድምሩ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይጎትቱታል፤ ይህን ቀንና ሌሊት የሚሸከመው ያ ቁራጭ እንጨት ነው። በመጨረሻ አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች (ፍሬቶች) 12ኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። በብረት ክር ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ ይበቃል። አራት ከደረሰ ልጁ ጣቱ እየቆሰለ በወሩ ይተወዋል፤ ቤተሰቡም ልጁ ችሎታ የለውም ብሎ ይደመድማል።

መልክ የሚያምታታበት ሌላ ቦታ ክላሲካሉና የብረት ክር ያለው አኩስቲኩ ነው። ለማያውቅ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ እንዲያውም ክላሲካሉ ብዙ ጊዜ ረከስ ስለሚል ይመረጣል። ከዚያ ድምፁ «ይጩህ» ተብሎ የብረት ክር ይታሰርበታል። ክላሲካል ጊታር የተሠራው 40 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚጎትት የናይለን ክር ነው፤ በብረት ክር ቀስ በቀስ አንገቱ ይጎብጣል ወይም ድልድዩ ይነቀላል። መለያውም በዓይን የሚታይ ነው፤ የክላሲካሉ አንገት ሰፊ ነው፣ ራሱ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት፣ ክሩም ድልድዩ ላይ በቋጠሮ ይታሰራል።

ገበያችንን የሞሉት ባለ 38፣ ባለ 40 እና ባለ 41 የቻይና ጊታሮች ናቸው። ቁጥሩ ከራሱ እስከ ታቹ ያለው ርዝመት በኢንች ነው እንጂ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ሲሸጥ ግን አንዳንዴ እንደ ደረጃ ይነገራል። ጎኑ ላይ ቁልፎች ያሉትና ከስፒከር ጋር የሚገናኘውም እንዲሁ ዓይነ ገብ ነው። መድረክ ለሌለው ጀማሪ ቁልፎቹ ምንም አይጨምሩለትም፤ በተመሳሳይ ዋጋ ቁልፍ የሌለው ጊታር ገንዘቡ እንጨቱ ላይ የመዋሉ ዕድል ሰፊ ነው።

ያገለገለ ጊታር ላይ የዓይናችን ስህተት ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አይተን የተቧጨረውን እናልፋለን፣ የሚያንጸባርቀውን እንመርጣለን። ጭረት ግን ስንጥቅ አይደለም። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የዊሊ ኔልሰን «ትሪገር» የተባለው የማርቲን ጊታር ከቀዳዳው ሥር ሌላ ቀዳዳ እስኪበጅለት ድረስ በክር መምቻ (ፒክ) ተፍቋል፤ ከ1969 ጀምሮ ሲጫወትበት ኖሯል። ጊታር አምራቹ ፌንደር ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አዲስ ጊታር ሆን ብሎ አስቧጭሮ፣ ያረጀ አስመስሎ፣ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። እዚያ ለጭረት ተጨማሪ ይከፈላል፣ እዚህ ጭረት ዋጋ ያስቀንሳል። ይህን ያወቀ የአዲስ አበባ ገዢ ከውጭ በሻንጣ የመጣ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ፊቱ ግን አንድ ወጥ እንጨት የሆነ ጊታር በአዲሱ የቻይና ጊታር ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። ከሻጩ የሚጠየቁት ፎቶዎች ሌላ ናቸው፦ የአንገቱ ጎን፣ ድልድዩ ከጎን በኩል፣ የራሱ ጀርባ። ራሱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰብሮ ተጣብቆ፣ ከላይ ቀለም ተቀብቶ ይሸጣልና። ራሱ ላይ የተጻፈው ትልቅ ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ስም መለጠፍ ቀላል ነው።

ስለ አየሩም አንድ ቃል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ከተማችን በበጋ ደረቅ ናት፤ እንጨት ይኮማተራል። በጥርና በየካቲት ጣታችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ብታንሸራትቱ የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ሲቧጭራችሁ ታገኙታላችሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ፊቱ ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል። አንድ ወጥ እንጨት ያለው ጊታር ለዚህ ይበልጥ ስስ ነው፤ በፀሐይ በተሞላ መስኮት አጠገብ የተሰቀለ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተለበጠው በዚህ ይበልጠዋል። ስለዚህ ኮምፔርሳቶ ስድብ አይደለም፤ ለጀማሪ፣ ለልጅ፣ ለተማሪ ቤት ጊታር እንዲያውም ይመከራል።

አንዳንድ መልክ ደግሞ ከምቾት የሚወለድ ነው። ሆዱ በአንገቱ ሥር የተጎመደው ጊታር ለሆዱ ቀረብ ወዳሉት ፍሬቶች እጅ ያስደርሳል። የ1954ቱ ፌንደር ስትራቶካስተር ዛሬ በመልኩ የሚወደድበት ጎበጥ ጎበጥ ያለው አካል የተቀረጸው የተጫዋቹን ጎድንና ክንድ እንዳይቆረቁር ነው። ትልቅ ሆድ ያለው ጊታር ትከሻዋ ጠባብ ለሆነች ልጅ ክንዷን እያነሳ ያደክማታል። እነዚህን በዓይን ማየት አይበቃም፤ ተቀምጦ መያዝ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለጥቁሩ ጊታር ጠበቃ ልሁንለት። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ክሩ ዝቅ ያለ፣ ድልድዩ የጸና ሁለት ጊታር ፊታችሁ ካለ፣ ዓይናችሁ ያረፈበትን ግዙ፤ ማንም አያሳፍራችሁ። የሚወዱት ጊታር ከቦርሳ ይወጣል፤ በኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ቡና እስኪፈላ ይነካል። የማይወዱት አልጋ ሥር ይገባል። ለልጁ ጊታር የሚገዛ ወላጅም ስለ ሮዙ ቀለም አይከራከር። በዚህ ደረጃ የጣት ልምምድ ከእንጨቱ ዓይነት ይበልጣል፣ ልምምዱን ደግሞ የሚያመጣው ፍቅሩ ነው። ጥናቶቹ መነጽር አድርገን እንድንገዛ አይነግሩንም። የሚነግሩን ዓይናችን ጆሮ ነኝ ብሎ ሲመሰክር እንዳናምነው ነው።

ስለዚህ ለአዲስ አበባውም ለሌላውም አንባቢ የምለው ይኸው ነው። ፒያሳም ሆነ መርካቶ ለጊታር ስትወጡ የሚጫወት ሰው ይዛችሁ ውጡ፤ ምሳ ጋብዙት፣ ያዋጣችኋል። ከበጀታችሁ ላይ ክር ለመቀየርና አንገትና ክሩን ለማስተካከል የሚሆን ጥቂት አስቀሩ። እሱ ሁለት ሦስቱን ይለይላችሁ፣ ቀለሙን እናንተ ምረጡ።